ዲሹን ስሰካ አምፕሊፋየሩ «እምምም» ይላል

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው። አምፕሊፋየሩ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ አለው፣ የዲሹ ሪሲቨር ባለ ሁለት ነው። ሁለቱም አንድ ማከፋፈያ ላይ ናቸው። የቤቱ ግራውንድ ከጓሮ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ ነው። የዲሹ ቋሚ ብረት ደግሞ በሌላው በኩል፣ አጥሩ ጥግ ላይ በሲሚንቶ ተተክሏል።

ችግሩ ከስፒከሩ የሚወጣው ወፍራም «እምምም» ነው። ድምፅ ስጨምር እሱም አብሮ ይጨምራል። ዋሽንት ስሰማ በጣም ያናድደኛል፤ የነፊው ትንፋሽ መሰማት ያለበት ቦታ ላይ እሱ ይገባል።

የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ጀርባ ስነቅለው ወዲያው ጸጥ ይላል። ጫፉ መልሶ ገና የሪሲቨሩን ብረት ሲነካ ይጀምራል። ስልኬን ቻርጀር ሳልሰካ ሳገናኘው ጥርት ያለ ነው። የድምፅ ገመድ ቀይሬያለሁ፣ የጎረቤት ሪሲቨርም አምጥቼ ሞክሬያለሁ፤ ለውጥ የለም። ኤሌክትሪሺያኑ ሶኬቱን ሲለካው 220 ቮልት ነው፣ ደህና ነው። «የአምፕሊፋየሩን የግራውንድ እግር ቁረጠው» አለኝ። እሱን እንኳ አላደርገውም። ውስጡ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ቆርቆሮው በሙሉ ኮረንቲ ይሆናል፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

እኔ የጠረጠርኩት ዘንጉና የዲሹ ብረት ለየብቻ መሬት ስለነኩ፣ በገመዶቹ የውስጥ ብረት ሽፋን በኩል ኮረንቲ እየዞረ ነው። የክረምቱ መብረቅም ያሳስበኛል።

እንግዲህ የዲሹን ብረት በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከቤቱ ዘንግ ጋር ላገናኘው ወይስ የድምፅ ገመዱ መሃል ትንሽ ማግለያ ትራንስፎርመር (ድምፁን አሳልፎ የሽቦ ግንኙነቱን የሚለያይ) ላስገባ?