«እዚያ እኖር ነበር» በእንግሊዝኛ፦ ለድሬና ለሐረር ልጆች

እህታችን ትናንት የጠየቀችው ጥያቄ የብዙዎቻችን ነው። «ስለ ልጅነትሽ ንገሪን ሲሉኝ እንግሊዝኛዬ ይደነቃቀፋል» ብላለች። አቦ፣ ብቻሽን አይደለሽም! (የድሬ ሰው «እርስዎ» ስለማይሆንለት «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።) እዚህ ፈረንጅ አገር ሥራ ቦታ በሻይ ሰዓት ይጠየቃል፣ ጎረቤትም ይጠይቃል። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ለምትፈተኑም የንግግሩ ክፍል ስለ ልጅነት ማንሳት ይወዳል።

ጣጣው የሚጀምረው ከራሳችን «ነበር» ነው። «ከዚራ ዛፎቹ ሥር እንጫወት ነበር» ስንል (ከዚራ የድሬ ሰፈር ነው) ዘወትር ያደረግነውን እየተናገርን ነው። ይህን ቃል በቃል ስንገለብጠው «ዊ ወር ፕሌዪንግ» ይሆናል። ፈረንጁ ይህን ሲሰማ በጨዋታው መሃል የሆነ ነገር የደረሰ ይመስለዋል። «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ዓይን ዓይንሽን ያያል።

ለዘወትሩ የሚሆነው «ዩዝድ ቱ» ነው። «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ከዚራ» ካልሽ፣ እኖር ነበር፣ አሁን ግን አልኖርም ማለት ነው። እናትሽ ዛሬም ድሬ ታይዋን ገበያ የምትነግድ ከሆነ በዚህ አነጋገር ሱቋን አታዘጊባት! ስትናገሪም ቃሉን አትሰባብሪው። «ዩስቱ» ነው የሚሉት፣ ባንድ ትንፋሽ። አሉታውን ስትጽፊ ደግሞ «ዲድንት» ኃላፊውን ጊዜ ስለያዘው፣ ከ«ዩዝድ» መጨረሻ ያለው «ዲ» ፊደል ይወድቃል። ስትናገሪ ግን ልዩነቱ አይሰማም።

«ዉድ»ም ለድሮ ልማድ ያገለግላል፣ ወሬ ያጣፍጣል። ግን ለሚደጋገም ድርጊት ብቻ ነው። የሐረር ልጅ «ኢን ዘ ኢቭኒንግ ዊ ዉድ ዎች ዘ ሃይናስ» ቢል ያምርለታል፤ ማታ ማታ ጅቦቹ ሲመገቡ እናይ ነበር ማለቱ ነው። «ዊ ዉድ ሊቭ ኢን ጀጎል» ካለ ግን አይሆንም። መኖር፣ ማወቅ፣ መውደድ፣ ንብረት መያዝ የሚደጋገም ድርጊት ስላልሆኑ ወደ «ዩስቱ» ይመለሳሉ። ወሬውንም በ«ዉድ» አትጀምሪ። መጀመሪያ ጊዜውን አሳውቂ፣ ከዚያ ደርድሪው።

አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሲመጣ ሁለቱንም ተዪአቸው። የድሬውን ወንዝ ደቻቱን አስቢ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። «ዊ ዩስቱ ክሮስ ዘ ሪቨር ኦን ፉት» ትያለሽ። የ1998ቱ ጎርፍ ግን አንድ ሌሊት መጥቶ ስንቱን ሰው ይዞ ሄደ። እሱ ልማድ አይደለም፦ «ኢን 2006 ዘ ሪቨር ፍለደድ»። 2006 ያልኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ይህንንም ስትናገሪ አትርሺ፣ ስንቱን ግራ አጋብተናል! ስንት ዓመት እንደኖርሽ ስትቆጥሪም እንደዚያው ነው። «አይ ሊቭድ ዜር ፎር 10 ይርስ» በቂ ነው፣ «ዩስቱ» ከዓመት ቁጥር ጋር አይስማማም።

አንድ ወንድማችን የጠየቀው «አይ ኤም ዩስቱ» ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ድምፁ ይመሳሰላል እንጂ ትርጉሙ ለምጃለሁ ነው። «አይ ኤም ዩስቱ ዘ ሂት» የድሬ ልጅ በኩራት የሚለው ነው። በጥር በረዶ አውቶቡስ ስትጠብቁ «አይ ኤም ኖት ዩስቱ ዘ ኮልድ» በሉ፣ ሁሉም ያዝንላችኋል። ከኋላው ግስ ከመጣ «ኢንግ» ይጨመርበታል፦ «አይ ኤም ዩስቱ ዎኪንግ»።

ይህ ሁሉ ከከበዳችሁ ተራው ኃላፊ ጊዜ አለ። «ኤቭሪ ሰመር ዊ ዌንት ቱ ሐረር» ምንም ስህተት የለበትም፣ ልማድነቱንም «ኤቭሪ ሰመር» ነግሮላችኋል። ቃለ መጠይቅ ላይ ልባችሁ ሲመታ እሱን ያዙ። «ዩስቱ» እና «ዉድ» ሻይ ላይ ይለመዳሉ።