ጥቆማ፦ ጃርት የሚከለክል የአጥር ሽቦ ባሕር ዳር ከየት ይገዛል?

የዘጌ መንገድ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ በመስኖ የማለማው የድንችና የበቆሎ ማሳ አለኝ። ጃርት መከራዬን አበላኝ። ሌሊት ይገባና ድንቹን ከሥሩ ፈንቅሎ ግማሹን በልቶ ግማሹን ጥርሱን አሳርፎበት ጥሎት ይሄዳል። በቆሎውንም ከግርጌው ቆርጦ ያጋድመዋል። ያሰብኩት ወይ የሽቦ አጥር፣ ወይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ ወይ ጥበቃ መቅጠር ነው። የሞከራችሁ የትኛው ይሻላል ትላላችሁ? ሽቦውንስ ከማን ልግዛ?

ግሽ ዓባይ ሰፈር፦ ሽቦ ከመግዛትህ በፊት የእኔን ስማ። ዓምና ከአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ጥቅል የአጥር ሽቦ ገዛሁ። «ዚንክ የተለበጠ ነው፣ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ተኩል ነው» ብለው ምለው ተገዝተው ሸጡልኝ። አንድ ክረምት ሳይሻገር ዝገት ወረሰው፤ በጣት ስታሸው እንደ በርበሬ ይራገፋል። ብየዳ ቤት ወስጄ በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ሳስለካው ሁለት ሚሊ ሆኖ ተገኘ። ልመልስ ብሄድ «የተፈታ ጥቅል አንቀበልም» አሉኝ። ደረሰኝማ ቀድሞውንም አልቆረጡልኝም ነበር።

ጣና ዳር፦ መደብሩን አውቄዋለሁ። እኛ ከአባታችን ዘመን ጀምሮ ደንበኞቻቸው ነን፤ የቤታችን ቆርቆሮ የእነሱ ነው፣ እስከ ዛሬ ጠብታ አላስገባም። ባለቤቱ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው። ሐይቅ ዳር የማይዝግ ብረት ካለ አሳየኝ።

ግሽ ዓባይ ሰፈር፦ ቆርቆሮህ ስለ እኔ ሽቦ ምን ብሎ ይመሰክራል? ዝገቱን ለሐይቁ እንተውለት። ግማሽ ሚሊውንም ሐይቁ ነው የበላው?

ጣና ዳር፦ ካሊፐሩስ የማን ነበር? ብየዳ ቤቱም ሽቦ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቀሃል?

ኮሎራዶ ያለሁ፦ እኔ ካለሁበት ከአሜሪካ ልንገራችሁ። እዚህ የግጦሽ መሬቱን በጉድጓድ የሚያበሳሳ የሜዳ አይጥ መሰል እንስሳ አለ፤ ገበሬዎቹ በጠመንጃ ነው የሚከላከሉት። ብዙዎቹ ጥይታቸውን ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው ይሞላሉ። የተተኮሰውን ቀለሃ ሰብስበው፣ መለኮሻውን ቀይረው፣ ባሩዱን በስስ ሚዛን መዝነው፣ አዲስ አረር ይገጥሙበታል። ለዚህ ሥራ የሚመርጡት አረር የመዳብ ልባሱ ስስ ስለሆነ ዒላማውን ሲመታ እዚያው ይበታተናል፤ መሬት ላይ ነጥሮ የጎረቤት ከብት የመምታት ዕድሉም ይቀንሳል። በ.223 ካሊበር (የአፈሙዝ ስፋት በኢንች) ጠመንጃ ከ40 እስከ 55 ግሬን የሚመዝነው የተለመደ ነው፤ አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ለጃርትም የሚሆን ይመስለኛል።

የወረታው፦ እናመሰግናለን። ጃርቱ ዲቪ እንደደረሰው እንልክልሃለን። ሰውየው የጠየቀው ሽቦ ነው።

ሽንብጥ፦ ነገሩ ቀልድ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፦ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ ወንጀል ነው። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንም በሕግ ክልክል ነው። ጉዳቱ ከበዛ ለቀበሌው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይሻላል።

ኮሎራዶ ያለሁ፦ ተኩሱ አላልኩም እኮ። ልምድ ነው ያካፈልኩት።

የቆጋ መስኖ፦ ወንድሜ ዘጌ፣ ጥያቄህን የመለሰልህ ስለሌለ እኔ ልሞክር። መራዊ አካባቢ ድንች ስለምናመርት ጃርትን በደንብ አውቀዋለሁ። ጃርት አይዘልም፤ አጥር ላይም አይንጠላጠልም። ስለዚህ ከፍ ላለ ሽቦ ገንዘብ አታባክን፤ ከመሬት በላይ አንድ ሜትር ይበቃሃል። የሚገባው ቆፍሮ ነውና ዋናው ነገር ከታች ያለው ነው። ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ቅበረው፤ የተቀበረውን ጫፍ ወደ ውጭ፣ እሱ በሚመጣበት በኩል እጠፈው፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ደርድርበት። ሲቆፍር ከሽቦው ጋር ይጋጠማል።

መብራቱን ሞክረነዋል። መጀመሪያ ሸሸ፣ ኋላ ለመደው፤ እንዲያውም በመብራታችን ድንች መርጦ የሚበላ ይመስል ነበር። ጥበቃ ከቀጠርክ ጨረቃ በሌለችባቸው ሌሊቶች ላይ አተኩር፤ ጃርት የጨረቃ ብርሃን አይወድም። ውሻ ግን አትልቀቅበት። እሾሁን ይወረውራል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላ ይንደረደርና ውሻው ፊት ላይ ይሰካዋል። ከውሻችን አፍንጫ በጉጠት የነቀልነው እሾህ ጫፉ ጥቁር፣ ርዝመቱ ከስንዝር በላይ ነበር። መርዝ የተቀባ ድንች የሚመክርህ ካለም አትስማው፤ የሚሞተው የመንደሩ ውሻና ጥንብ አንሳው ነው።

ስለ ሽቦው ደግሞ፦ ካሊፐር ካላመናችሁ ጥቅሉን መዝኑት። ርዝመቱ፣ ቁመቱና የዓይኑ (የቀዳዳው) ስፋት እኩል ከሆነ፣ ባለ ሁለት ሚሊው ከባለ ሁለት ሚሊ ተኩሉ ከሲሶ በላይ ይቀልላል። ይህን ያህል ልዩነት በእጅ ብታነሱትም ይታወቃል።

ጣና ዳር፦ መደብሩ ውስጥ ሚዛን አለ። ሄዶ መመዘን ይችላል።

ግሽ ዓባይ ሰፈር፦ ያ ሚዛን ሁለት ሚሊውን ሁለት ሚሊ ተኩል ካላደረገው።

የወረታው፦ እናንተ ሁለታችሁ ቡና ጠጥታችሁ ታረቁ። ሒሳቡን ጃርቱ ይከፍላል።

የዘጌ መንገድ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ እህቴን ከቆጋ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በሐይቁ በኩል ባለው ጥግ የጉማሬ ዱካም አይቻለሁ። አጥሩ ለእሱስ ያገለግላል?

የቆጋ መስኖ፦ ለጉማሬ አያገለግልም። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን እንስሳ ሽቦህን ከነምሰሶው ይዞት ይሄዳል። በዚያ በኩል ጥልቅ ቦይ አስቆፍር፤ ከውኃው ወጥቶ በሚገባበት መንገድ ላይም ድንች አትትከል። ሌሊት ብቻህን አትጠብቀው፤ በእሱና በሐይቁ መካከልም በጭራሽ አትቁም።

አዴት፦ ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። የድንቹ ዝርያ በለጠ ነው ወይስ ጉደኔ? ዘር የሚሸጥ ካለህ እፈልጋለሁ።

የዘጌ መንገድ፦ ጉደኔ ነው። ከጃርቱ የተረፈ ዘር አለኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።