የችሎት ዘገባ ላይ ግራ ገብቶኛል፣ እርዱኝ

ሰላም፣ ጋዜጠኛ የሆናችሁ ወይ ህግ የተማራችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። አንድ የግድያ ክስ እየተከታተልኩ እዘግባለሁ፣ ፍርድ ገና አልተሰጠም፣ ኤዲተሬ ግን “ገዳዩ ችሎት ቀረበ” ብለህ ከነፎቶው ልቀቀው አለኝ፣ ተከሳሽ ነው እንጂ ብዬ ስነግረው “ህዝቡ እኮ አውቆታል” ይለኛል (ህዝቡ ያወቀው ከኛው ዜና አይደል እንዴ!)። የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን (አገሮች የተስማሙበት ዓለም አቀፍ ስምምነት) አንቀጽ 14 ጥፋተኛ እስኪባል ንጹህ ሆኖ ይገመታል ይላል፣ እዛው ላይ ችሎት በመርህ ክፍት ነው፣ ጋዜጠኛ ውጣ የሚባለው ለተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ ነው፣ አንቀጽ 19 ደሞ መረጃ የማሰራጨት መብት ይሰጠኛል። እስከዚህ ገብቶኛል።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። ተከሳሹ ለፖሊስ ሰጠ የተባለውን የእምነት ቃል (ጥፋቱን አመነ የተባለበትን) አቃቤ ህጉ ችሎት ላይ አነበበው፣ ጠበቃው ተገዶ ነው ብሎ ተቃወመ፣ ዳኛዋ ማስረጃውን ይቀበሉት አይቀበሉት ገና አልወሰኑም። በግልጽ ችሎት ስለተነበበ ልጻፈው? ከጠበቃው ተቃውሞ ጋር አብሬ ባወጣው ይበቃል ወይስ ብይኑን ልጠብቅ? ብይኑ ውድቅ ቢያደርገው አንዴ የወጣ ዜና እንዴት ይመለሳል? የዘገባ ክልከላ ትእዛዝ እስካሁን አልተሰጠም። ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ፣ የገጠማችሁ ካላችሁ ምን አደረጋችሁ?