ሻጩ «መሪውን ብትለቁትም ራሱ ይነዳል» አለን፣ አዲስ አበባ ላይ ይታመናል?

የሲኤምሲዋ

ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። እኔና ባለቤቴ መኪና ልንገዛ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ማለት ኤሌክትሪክ ማለት ሆኗል፣ እኛም የነዳጅ ሰልፍ ስላንገሸገሸን ደስ ብሎን ነው የምንገዛው። ያየነው ከቻይና የመጣ ነው። ሻጩ መስመሩን ራሱ ይጠብቃል፣ የፊተኛው ሲቆም ራሱ ይቆማል፣ መሪውን ብትለቁት እንኳ ራሱ ይነዳል አለን። ባለቤቴ እዚህ ጋ ልቡ ተሰረቀ። እኔ ደግሞ እዚህ ጋ ነው የፈራሁት፣ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆቼ ናቸዋ። እናቴ በበኩሏ ዝናብ ሲመታው ኮረንቲ ይይዛችኋል፣ ባትሪው ይፈነዳል እያለች እንቅልፍ አጥታለች። የምትነዱ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ። የቱ ነው የሚያስፈራው፣ የቱ ነው ወሬ?

ባለ አይዲ ፎር

እህቴ፣ እንጀራዬ መንዳት ነው፣ የያዝኩት አይዲ ፎር ነው፣ የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና። ወደ ነዳጅ መኪና ተመለስ ብትይኝ አልመለስም። ከእንጦጦ ስወርድ ፍሬን ብዙ አልነካም። እግሬን ሳነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ እግረ መንገዱንም ባትሪውን ይሞላል። የፍሬን ሸራም ቶሎ አያልቅም። ለእናትሽ ዝናቡን አያስቡ በያቸው። ባትሪው በታሸገ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ችግር ሲያገኝም ራሱ ኃይሉን ይቆርጣል። ጎርፍ ውስጥ ግን አትግቢ፣ እሱ ለማንኛውም መኪና ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ድምፁ ነው። በዝግታ ሲሄድ ብዙም አይሰማም። የእኛ ሰው ደግሞ ግማሹን የሚሻገረው በጆሮው ነው፣ ስልክ እያወራ ዞር ሳይል ይገባል። ከግቢ ወደኋላ ስትወጪ ልጆቹ የት እንዳሉ ሳታዪ እንዳትንቀሳቀሺ፣ ሞተር ሲነሳ ሰምተው የሚሸሹበት ነገር የለም። ሌላው ጉልበቱ ነው። ሁለት ቶን ገደማ የሚከብድ መኪና ገና ስትረግጪው ይወረወራል። ከድሮ ቪትስ ወርዶ ቀጥታ እዚህ ላይ የሚወጣ ሰው ሰፊ ሜዳ ላይ ቢለማመድ ይሻለዋል።

መስመር መጠበቂያው በአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ጥሩ ነው፣ መስመሩ ጥርት ያለ ስለሆነ። ከተማ ውስጥ ግን አጠፋዋለሁ። መንገድ ሲሠራ አሮጌው መስመር ሳይፋቅ አዲስ ይቀባል፣ ካሜራው የቱን እንደሚከተል ይቸገራል፣ መሪውን ወደማትፈልጊው ሊጎትተው ይችላል። ሚኒባስ ድንገት ሲገባብሽ ደግሞ ራሱ ፍሬን ይይዛል፣ ከኋላሽ ያለው ተጠግቶ የሚነዳ ከሆነ አለቀልሽ። ዋናው ደግሞ ይኼ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በቻይንኛ ነው! መኪናው «መሪውን ያዝ» እያለሽ ሊሆን ይችላል፣ አንቺ ግን ምን እንዳለሽ አታውቂም።

ከፊኒክስ

እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ አሪዞና ነው፣ እዚህ ሾፌር የሌለው የዌይሞ ታክሲ በየቀኑ አጠገባችን ያልፋል። ተሳፍሬበታለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ከብዙ ሾፌር ይልቅ በትዕግሥት ይነዳል። ግን እሱ ሌላ ነገር ነው። ካሜራም፣ ራዳርም፣ በሌዘር ርቀት የሚለካ ላይዳርም አለው፣ የሚሄደውም አስቀድሞ መንገዱ አንድ በአንድ በካርታ በተያዘበት ሰፈር ብቻ ነው። የእናንተ ሻጭ የሚያወራው ለሾፌሩ እገዛ የሚያደርግ ሲስተም ነው። መሐንዲሶቹ ከ0 እስከ 5 በደረጃ ይከፍሉታል፣ ዌይሞ ደረጃ 4 ነው፣ የእናንተው 2 ነው የሚሆነው። በደረጃ 2 የሚነዳው ሰውየው ነው፣ ተጠያቂውም እሱ ነው። ባልሽ ይቺን ይስማ።

እዚሁ ቴምፒ ከተማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 የታክሲ ኩባንያው የኡበር ራሱን የሚነዳ መሞከሪያ መኪና ብስክሌት እየገፋች ማታ የምትሻገር ሴት ገጭቶ ገደለ። መኪናው ከመምታቱ 5 ሰከንድ በላይ ቀድሞ አይቷት ነበር። ግን አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ምን እንደሆነች መወሰን አቃተው። መርማሪዎቹ በኋላ ያወጡት ነገር እስካሁን ያስደነግጠኛል፤ ሲስተሙ ከዜብራ ውጪ ሰው ይሻገራል ብሎ እንዲያስብ አልተሠራም። መቆጣጠር የነበረባት ሠራተኛም መንገዱን እያየች አልነበረም። እስቲ ይህን ወደ መርካቶ ውሰጂው። አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ተሸካሚ፣ ሁሉም ከዜብራ ውጪ ነው።

ኮረንቲ ሠራተኛው

ሁላችሁም መንገዱን አወራችሁ፣ እኔ የምፈራው ቤቱን ነው። ሰው ያን ያህል ገንዘብ ለመኪና ከፍሎ ቻርጅ የሚያደርገው በርካሽ ማከፋፈያ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ከባድ ኮረንቲ የሚስብ ነገር ነው እኮ! ሶኬቱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከቆጣሪው ቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ባልቦላ፣ በትክክል የተቀበረ ግራውንድ፣ ማለትም የሚያፈስ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ ይኑረው። ብዙ የድሮ ቤት ግራውንድ የሚባል ነገር የለውም። ሶኬቱ ላይ ሦስተኛዋ ቀዳዳ ስላለች ብቻ አለ ብለሽ እንዳታምኚ፣ አስለኪው።

እናትሽ ስለ ባትሪው ለፈሩት፣ ኤሌክትሪክ መኪና በሌላው ዓለም እንደታየው ከነዳጅ መኪና ያነሰ ነው የሚነደው። ከነደደ ግን ለማጥፋት ብዙ ውኃ ይፈልጋል፣ ጠፋ ከተባለ በኋላም መልሶ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከሥር ድንጋይ ወይም የፍጥነት መገደቢያ ክፉኛ ከመታው ዝም ብለሽ ቻርጅ አታድርጊ፣ አሳዪው።

ሰሚት ጋ

እኔ ግን ፍርሃቱ በዝቷል እላለሁ። በየቀኑ ሰው የሚገድለው ሰው ነው፤ ጠጥቶ፣ ደክሞት፣ ስልክ እያየ። ራሱ የሚይዘው ፍሬን እኔን አድኖኛል፣ ከታክሲ ጀርባ ድንገት የወጣ ልጅ ነበር። እሱን አታጥፉት። የሚጠፋው መሪ የሚይዘው ነው።

ባለ አይዲ ፎር

ሰሚት ጋ፣ በዚህ ተስማምተናል፣ እኔም ፍሬኑን አላጠፋም። ክርክሬ «መሪውን ልቀቁት» ከሚለው ሻጭ ጋር ነው። ቻይና ራሷ እኮ ይህን ማስታወቂያ ከልክላለች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 አንሁዊ ክፍለ ሀገር ውስጥ የሻኦሚ መኪና እገዛው በርቶ በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር እየሄደ መንገድ የሚጠገንበት ቦታ ደረሰ፣ ሾፌሯ መሪውን የተቀበለችው ሊጋጭ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ነው። ሦስት ሰው ሞተ። በወሩ መንግሥታቸው አምራቾቹን ሰብስቦ «በራሱ ይነዳል» የሚል ማጋነን አቁሙ አላቸው። እዚያ የተከለከለ ወሬ እኛ ጋ መኪና መሸጫ ሆኗል፣ ይኼ ያናድደኛል።

የሲኤምሲዋ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለባለቤቴ አስነበብኩት፣ የፊኒክሱን ሁለቴ ነው ያነበበው። ግራውንዱን ቅዳሜ እናስለካለን። አንድ ነገር ብቻ፤ የቻይንኛው ቋንቋ ይቀየራል?

ባለ አይዲ ፎር

በአንዳንዱ ሞዴል ይቀየራል፣ በአንዳንዱ ስክሪኑ እንግሊዝኛ ሆኖ ከመሪው ጀርባ ያለው ማስጠንቀቂያ ቻይንኛ ሆኖ ይቀራል። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ሻጩ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን እገዛ ሲያበራና ሲያጠፋ ያሳያችሁ። የትኛው ምልክት ምን ማለት እንደሆነ በስልክ ፎቶ አንሺና ጻፊበት። ማሳየት ካልቻለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።