በየወሩ የሚከፍሉ ከቨርድ ኮል ፈንዶች፦ ለጀማሪ የቱ ይሻላል? ጥቆማ እፈልጋለሁ

ጠያቂዋ (ቨርጂኒያ)
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ቀስ በቀስ ያጠራቀምኳት 20,000 ዶላር አለችኝ፤ ባንክ ተቀምጣለች። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በየወሩ 200 ዶላር እልካለሁ። ያንን ከደመወዜ ሳይሆን ይህ ገንዘብ ከሚያስገኘው ብልክላት ደስ ይለኛል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ከቨርድ ኮል ኢቲኤፍ (እንደ አክሲዮን የሚገዛ ፈንድ) ግዢ፣ በየወሩ ይከፍላል" ብላ ጄፒ (JEPI)፣ ጄፒኪው (JEPQ)፣ ኪው ዋይ ኤል ዲ (QYLD) እና ዲቮ (DIVO) የሚሉ ስሞች ጻፈችልኝ። እኔ አክሲዮን ገዝቼ አላውቅም። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

የሲያትሉ
አክሲዮን ከሚያስገዙ ድርጅቶች ፊደሊቲ። ሌላ አትፈልጊ። ስትደውይ ሰው ያነሳል፣ ቢሮ ብትሄጂ አስቀምጠው ያስረዱሻል። እኔ ስንት ዓመቴ፣ አንድም ቀን አላስቀየሙኝም።

የአትላንታው
ሽዋብ ጋም ሰው ያነሳል ወንድሜ። እሷ የጠየቀችው ግን ምን እንደምትገዛ ነው፣ የት እንደምትገዛ አይደለም።

የሲያትሉ
የት እንደምትገዛ ካላወቀች ምን ልትገዛ ነው? ፊደሊቲ ብያለሁ።

ሹፌሩ (ዴንቨር)
እህቴ፣ ተጠንቀቂ። አንድ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ "በዓመት 60 በመቶ ይከፍላል" እያለ ያሳየንን ፈንድ ገዛሁ። ስሙን አልጠራም። በአንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ብቻ የቆመ ነው። መጀመሪያ ላይ ገንዘቡ ሲገባ ደስ ይላል፤ ለቤት ኪራይ ሁሉ አግዞኛል። ዋጋው ግን ከወር ወር እየሟሸሸ ሄደ። አንድ ጠዋት አፑን ስከፍት የነበረኝ አክሲዮን በግማሽ ቀንሷል። የተዘረፍኩ መስሎኝ ደወልኩ። "ሪቨርስ ስፕሊት ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርገው ዋጋውን እጥፍ አደረጉት እንጂ አልጠፋብህም" አሉኝ። እሺ፣ አልጠፋም። ግን እስከ ዛሬ የተከፈለኝንና የቀረኝን ስደምረው ካስገባሁት ያንሳል። በዚያ ላይ ለተከፈለኝ ታክስ ከፍያለሁ። ሌሊት ሌሊት እየነዳሁ ያመጣሁት ገንዘብ ነው።

የዳላሷ
አይዞህ ወንድሜ። እንዲህ ያሉ ሰዎች በሕግ መጠየቅ ነበረባቸው። የእኔም ባል በዚሁ ዓይነት ቪዲዮ ተነሳስቶ ሊገዛ ሲል ነው የያዝኩት።

የቺካጎው
60 በመቶ! ይህን የሚያስገኝ ነገር እያለ ባንኮቹ ለእኛ በጥቂት በመቶ ወለድ የቤት ብድር ለመስጠት ይለፋሉ። ምስኪኖች፣ አልሰሙም ማለት ነው።

የዳላሷ
ሰው ተጎድቶ ሲናገር በቁስሉ ላይ እንጨት መስደድ ምን ይባላል?

ሹፌሩ (ዴንቨር)
ተዪው፣ ልክ ነው። ያኔ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ባገኝ ጥሩ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይገባበት ነው የጻፍኩት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሹፌሩ ወንድሜ፣ አንተ የገዛኸውና እህታችን የጠየቀችው በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ አይደሉም። ከሥሩ ላስረዳ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ከቨርድ ኮል ማለት የማይመለስ ቀብድ እንደ መቀበል ነው። 100 አክሲዮን አለሽ እንበል፣ የአንዱ ዋጋ 100 ዶላር። አንድ ገዢ መጥቶ "እስከ ወሩ መጨረሻ እያንዳንዱን በ105 የመግዛት መብት ስጪኝ፤ ለዚህም በአክሲዮን 2 ዶላር አሁኑኑ እከፍላለሁ" ይልሻል። ይህ የመግዛት መብት ኦፕሽን ይባላል። 200 ዶላሩን ኪስሽ ከተትሽ። ዋጋው ባለበት ከቆየ ገንዘቡም አክሲዮኑም ያንቺ ነው። 120 ከገባ ግን በ105 ትሸጪያለሽ። ከነቀብዱ 107 ደረሰሽ፤ 13ቱ የገዢው ነው። ወደ 80 ቢወርድስ? ገዢው ትቶሽ ይሄዳል፤ 20 ዶላር ወርዶብሽ 2 ዶላር ይዘሻል። ሲወጣ ጣሪያ አለው፣ ሲወርድ ግን የሚይዘው የለም። ሹፌሩን የጎዳው ይኸው ነው፤ በአንድ ኩባንያ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

አሁን ወደ ስሞቹ። ጄፒ የጄፒሞርጋን ናት፤ በፈረንጆቹ ግንቦት 2020 ጀመረች። ትልልቅ ኩባንያዎችን መርጣ ትይዛለች፤ ኦፕሽኑን ባንኮች በሚያወጡት ኖት (የዕዳ ሰነድ) በኩል ትሠራለች። በዓመት 0.35 በመቶ ታስከፍላለች። ጄፒኪው ያው እህቷ ናት፤ የምትሠራው ግን በናዝዳክ ገበያ ባሉ፣ አብዛኞቹ የቴክኖሎጂ በሆኑ ኩባንያዎች ላይ ነው። ኪው ዋይ ኤል ዲ ከ2013 ጀምሮ አለች። የመግዛት መብቱን በያዘችው ሁሉ ላይ፣ ያውም በዕለቱ የገበያ ዋጋ አካባቢ ትሸጣለች። ስለዚህ ብዙ ትከፍላለች፤ ገበያው ሲያድግ ግን አብራ የምታድግበት ቦታ አይቀራትም። ዲቮ ደግሞ ዲቪደንድ (ከትርፍ ለባለአክሲዮን የሚከፋፈል ገንዘብ) የሚከፍሉ ጥቂት ኩባንያዎችን ይዛ ሲመቻት በአንዳንዶቹ ላይ ብቻ መብቱን ትሸጣለች። ክፍያዋ አነስ ይላል፤ ለዕድገት ግን ይበልጥ ቦታ ትተዋለች።

ልዩነቱን በቁጥር እዪው። በ2022 ኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች መለኪያ) ከነዲቪደንዱ 18 በመቶ ገደማ ሲያጣ ጄፒ ያጣችው ወደ 3.5 በመቶ ነበር። በ2023 ገበያው 26 በመቶ ሲያድግ ግን እሷ 10 በመቶ አልሞላችም።

እህቴ፣ 200 ዶላር በወር 2,400 በዓመት ነው። ከ20,000 ላይ 12 በመቶ ማለት ነው። 12 በመቶ የሚከፍል ፈንድ ታገኛለሽ። ግን የሚከፍልሽ ካተረፈው ነው ወይስ ከራስሽ ገንዘብ እየቆረሰ? ከክፍያው መቶኛ በፊት "ቶታል ሪተርን" የሚለውን፣ ማለትም ክፍያውና የዋጋው ለውጥ ተደምሮ የሚሰጠውን ተመልከቺ።

ጋሼ (ላስ ቬጋስ)
ልጆች፣ እኔ ኪው ዋይ ኤል ዲን ይዤ ስንት ዓመቴ ነው። አንድም ወር ዘላኝ አታውቅም። ጡረታዬ ላይ ትደርብልኛለች። ሌላውን ወሬ ተዉት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ጋሼ፣ እርስዎ ጡረታ ላይ ስላሉ ወርሃዊው ገቢ ሊጠቅምዎት ይችላል። ግን ስትጀምር 25 ዶላር አካባቢ ነበረች፣ ዛሬ ከ20 በታች ናት። በዚያው ጊዜ ናዝዳክ 100 ስንት እጥፍ አድጓል። ከሚከፈልዎት ውስጥም "ሪተርን ኦፍ ካፒታል" (የራስዎ ገንዘብ ተመላሽ) የሚባል ክፍል አለ፤ በሚደርስዎት 1099 የታክስ ፎርም ላይ ያገኙታል።

ጋሼ (ላስ ቬጋስ)
ልጄ፣ ተባረኪ። እኔ ግን ዋጋዋን አይቼ አላውቅም። በየወሩ ትከፍለኛለች፣ አልሸጣትም።

የአትላንታው
ጄፒ ላይ አንድ ልጨምር። ክፍያዋ ደመወዝ አይደለም፤ ከፍ ዝቅ ይላል። በ2022 ገበያው ሲናወጥ በአክሲዮን 60 ሳንቲም ያለፈበት ወር ነበር፤ ሲረጋጋ ወደ 30 ሳንቲም ወርዷል። እናትሽ በየወሩ የምትጠብቀውን ብር በዚህ ላይ ብቻ አትጣዪው። ታክሱም አለ። የጄፒ ክፍያ አብዛኛው ታክስ የሚከፈልበት እንደ ደመወዝ ባለ መጠን ነው፤ ኳሊፋይድ የሚባለው ዲቪደንድ ያለው የታክስ ቅናሽ የለውም። ሮት አይአርኤ (ታክሱ በተከፈለ ገንዘብ የሚሞላ የጡረታ ሒሳብ) ውስጥ ከያዝሽው ግን ታክሱ አይነካሽም። በዓመት የሚገባበት ጣሪያ አለው፤ የ2025ቱ 7,000 ዶላር ነበር፣ 50 ዓመት ለሞላው 8,000። ራስሽ ያስገባሽውን በፈለግሽ ጊዜ ማውጣት ትችያለሽ፤ ትርፉን ግን 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላሽ ብትነኪ ታክስና ቅጣት ሊመጣብሽ ይችላል።

የሲያትሉ
ሮት አይአርኤውን ፊደሊቲ በነፃ ይከፍቱልሻል።

የአትላንታው
ሽዋብም በነፃ ነው።

የሚኒያፖሊሱ
ሐላል ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም? እኔ የጠየቅኳቸው ኡስታዝ ኦፕሽን መሸጥ አይቻልም ብለውኛል። ብዙ ዑለማዎችም አይፈቅዱትም። ለሚመለከታችሁ ስፐስ (SPUS) እና ሐላል (HLAL) የሚባሉ በሸሪዓ የተጣሩ ኢቲኤፎች አሉ። ጠቀም ያለ ወርሃዊ ገቢ ግን አትጠብቁ፤ ለዕድገት ናቸው።

የዳላሷ
እኔ እንደሆንኩ 20,000 ዶላር ቢኖረኝ አዲስ አበባ ላይ ለመሬት ወይም ለኮንዶሚኒየም ቀብድ ነበር የማደርገው። እናትየውም አጠገቡ ሆና ታየዋለች።

የቺካጎው
እናቷን ተከራይ ስታባርር እንድትውል ነው? ሴትዮዋን ለምን ታደክሟታላችሁ።
ቁም ነገር ልናገር፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለክፉ ቀን የስድስት ወር ወጪሽን ለይተሽ ጥሩ ወለድ የሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጪ። የኤፍዲአይሲ (የመንግሥት የባንክ ተቀማጭ መድን) ዋስትና ያለበትን ምረጪ፤ እስከ 250,000 ዶላር ይሸፍናል። ወለዱ ትንሽ ቢሆንም ዋናው አይነካም። ከዚያ የተረፈውን ከፈለግሽ በትንሽ በትንሹ ጄፒ ላይ ሞክሪ፤ ግማሹን ግን ቪኦኦ (VOO) የመሰለ፣ ገበያውን እንዳለ የሚከተል ተራ ኢንዴክስ ፈንድ ላይ አድርጊ። የእሱ ክፍያ 0.03 በመቶ ብቻ ነው።

ሹፌሩ (ዴንቨር)
ይሄ ነው ምክር ማለት።

ጠያቂዋ (ቨርጂኒያ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሹፌሩ ወንድሜ፣ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ሐምሌ (በፈረንጆቹ 2024) ብሩ በገበያ ዋጋ ከሆነ ወዲህ በባንክ ነው ወይስ በሌላ መንገድ የምትልኩት?

የሲያትሉ
በባንክ ላኪ። ደረሰኝ አለው፣ እናትሽም መታወቂያ ይዛ ብቻ ትወስዳለች።

የዳላሷ
እኔ የባንክ አፖቹን አወዳድሬ ነው የምልከው። አንዳንዱ በዶላር ላይ ጭማሪ ይሰጣል፤ ዋጋው በየቀኑ ስለሚለያይ ከመላክሽ በፊት እዪ።

የዱባይዋ
ይቅርታ፣ እኔ አቡ ዳቢም ዱባይም ሠርቻለሁ፣ አሁን ዱባይ ነኝ። ይህን ጄፒ የምትሉትን ከዚህ ሆኜ መግዛት እችላለሁ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
እህቴ፣ ከውጭ ሆነው የአሜሪካ አክሲዮን የሚያስገዙ ድርጅቶች አሉ፤ ኢንተራክቲቭ ብሮከርስ አንዱ ነው። ግን ከመግዛትሽ በፊት ይህን ያዢ፦ አሜሪካ ነዋሪ ላልሆነ ሰው በዲቪደንድ ላይ 30 በመቶ ታክስ ከምንጩ ይቆረጣል። ደብሊው-8 ቤን የሚባል ቅጽ ትሞያለሽ። ኤምሬትስ ከአሜሪካ ጋር ያንን የሚቀንስ የታክስ ስምምነት የላትም። 100 ዶላር ሲከፈል የሚደርስሽ 70 ነው። ገቢ ፈንድ የሚኖረው ለክፍያው ሲባል ስለሆነ ይህ ቅነሳ ዋናውን ጥቅም ይወስድብሻል።

የዱባይዋ
ዋይ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ለጓደኞቼም እልክላቸዋለሁ።

የሲያትሉ
ፊደሊቲ ዱባይ ቢሮ የላቸውም እንዴ?