የአባቴን ካሴቶች ወደ ፍላሽ ብገለብጥ ሕግ ይከለክለኛል?

ጥያቄ፦ የሽምብጥ ልጅ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ በ1980ዎቹ የገዛቸው 40 ያህል ኦሪጅናል ካሴቶች አሉኝ። ቤታችን ለጣና ቅርብ ስለሆነ እርጥበቱ እየጎዳቸው ነው። አንዳንዶቹ ነጭ ሻጋታ ይዘዋል። ሳይበላሹ ፍላሽ ላይ ላስቀምጣቸው ፈለግሁ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «ቴሌግራም ላይ እንልቀቃቸው፣ ሰው ይስማቸው» ይላል። ያስጠይቀናል?

መልስ፦ ሕግ ያጠናሁ
ነፍስ ይማር። ለራስህ መቅዳት ትችላለህ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 9 ላይ ተጽፏል። አንድ ሰው ለሕዝብ የወጣን ሥራ ለግል አገልግሎቱ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ፣ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው አይችልም። «አንድ» እና «ለግል» የሚሉትን ልብ በል።
ቴሌግራም ላይ ከወጣ ግን የግል መሆኑ ቀረ። «ገንዘብ አልተቀበልንም» ማለት አያድንም። አባትህ የገዙት ካሴቱን ነው፤ የማባዛትና የማሰራጨት መብቱ ዛሬም የባለቤቶቹ ነው። የድምፅ ሪከርዲንግ ጥበቃው 50 ዓመት ስለሆነ የ1980ዎቹ ገና አልሞላቸውም። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው እስራት ሊጠብቀው ይችላል። ወንድምህን ምከረው።

የሽምብጥ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ገበያ አካባቢ ዘፈን የሚጭን ልጅ አለ። ለሱ ሰጥቼ ባስገለብጥስ?

መልስ፦ የድሮ ካሴት ሻጭ
ተው ልጄ፣ አትስጠው። ዘፈኑ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ለመጣው ሁሉ ሲጭን ይውላል። እኔን ሱቄን ያዘጋኝ ይኸው ነው። ዘፋኙም ግጥም ጸሐፊውም ከዚያ አምስት ሳንቲም አያገኙም። ያሳዝነኛል።
እቤትህ ሥራው፣ ከባድ አይደለም። ሻጋታ የያዘውን ለይተህ አስቀምጥ። ቴፕ ውስጥ ከገባ ሄዱን፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ ያቆሽሻል፣ ወደ ደህናዎቹም ይጋባል። ሄዱን አልኮል በነካ ጥጥ ጥረግ፤ ደረቅ እስኪል ጠብቅ። ካሴቱን እስከ መጨረሻው አጠንጥነህ መልሰው፤ ቆይቶ የተጣበቀው ይላቀቃል። ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ በገመድ አገናኝ። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይቀዳልሃል። ድምፁን ከፍ አድርገህ አትክፈት፣ ይሰነጠቃል። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም።

መልስ፦ ከቀበሌ 14
ካሴቶቹን ከመሬት አንሥተህ ደረቅ ቦታ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። ክረምት ላይ የኛም ቤት ልብሱ ሁሉ ይሻግታል።

የሽምብጥ ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ተስማምቷል፤ እንዲያውም ገመድ ሊገዛ ሄዷል። ጎንደር ያለችው እህታችንም «ለኔም በፍላሽ ላኩልኝ» ብላ ነበር። የተፈቀደው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ፣ ለፋሲካ ስትመጣ እዚሁ አብረን እንሰማዋለን አልኳት።