የግንቦት ሰርግ በጅማ፦ እስከ ማታ የሚቆይ ሜካፕ አለ?

የግንቦት ሙሽራ፦

ሰላም እህቶች። ሰርጌ ግንቦት ላይ ነው፣ እዚሁ ጅማ። ጥር ላይ ነበር ያሰብነው፤ እጮኛዬ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ አላገኘምና ከፋሲካ በኋላ ተላለፈ። አሁን የሚያስጨንቀኝ ቬሎውም አዳራሹም አይደለም። ፊቴ ነው።

የጅማን ግንቦት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ በመሀል ልብስን ገላ ላይ የሚለጥፍ ወበቅ። እኔ ደግሞ ፊቴ ወዛም ነው። ከአጂፕ እስከ መርካቶ በእግሬ ከሄድኩ ግንባሬ ቅቤ የተቀባ ነው የሚመስለው።

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ስታገባ ሚዜ ነበርኩ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን ተሠራን። ቀን 7 ሰዓት አዳራሽ ስንገባ ፋውንዴሽኑ አፍንጫዬ ዙሪያ ተሰነጣጥቋል፣ ኩሉ ዓይኔ ሥር ወርዷል፣ አንዱ ሽፋሽፍት ጫፉ ተነስቶ እንደ ዝንብ ክንፍ ይርገበገባል። የሠራችን ልጅ እኮ መጨረሻ ላይ ዓይናችሁን ጨፍኑ ብላ የጸጉር ስፕሬይ ፊታችን ላይ ነፍታብናለች! "ይሄ እስከ ነገ አይለቅም" ነበር ያለችን። እስከ ምሳም አልቆየ።

ሌሊት ተሠርቼ እስከ ማታ 3 ሰዓት የሚቆይ ነገር የእውነት አለ? ወይስ ሰው ያጋንናል? ካለ የቱን ልግዛ? ውድ ቢሆንም ግድ የለኝም፣ አንዴ ነው የማገባው።

ብሩሽና ስፖንጅ፦

እንኳን ደስ አለሽ የኔ ቆንጆ። ጅማ ውስጥ ሙሽራ ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው፣ ትንሽ ባስረዝም ታገሺኝ።

መጀመሪያ የጸጉር ስፕሬዩ። ሁለተኛ ማንም ፊትሽ ላይ እንዳይነፋብሽ። ጸጉር ቀጥ አድርጎ እንዲይዝ የተሠራ ነገር ነው፤ አልኮል አለበት፣ ሙጫ የመሰለ ነገር አለበት። ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል። ደርቆ ሲጠነክር ደግሞ ስትስቂ ይሰነጠቃል፣ አፍንጫሽ ዙሪያ ያየሽው ሳይሆን አይቀርም። ለፊት የሚሆነው ሴቲንግ ስፕሬይ ነው። ስትገዢ ግን እዩኝ እዩኝ የሚለውን ጠርሙስ ሳይሆን ጽሑፉን እዪ። አንዳንዱ ሜካፑ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ የሚይዝ ነው፣ አንዳንዱ ግሊሰሪን ያለበት ሆኖ ፊትን የሚያረጥብ ብቻ ነው። በጅማ ወበቅ የሚያረጥበውን ከነፋሽ በውሃ ላይ ውሃ ነው።

አሁን ለምን እንደሚቀልጥ። ላብ ሲደርቅ ነው ሰውነት የሚቀዘቅዘው። አየሩ ራሱ እርጥብ ሲሆን ላቡ የሚሄድበት የለም፣ ፊት ላይ ቁጭ ይላል። ከላቡ ጋር ወዝ አለ። እዚያ ላይ ወፍራም ፋውንዴሽን ስትጭኚበት በጭቃ ላይ እንደመራመድ ነው፣ ይንሸራተታል። ሰው ግን "እንዲቆይ ደርቢልኝ" ይለኛል። የተገላቢጦሽ ነው! ቀድሞ የሚወርደው የተደረበው ነው።

እኔ ሙሽራዬን ፊቷን ታጥባ ነው የምቀበላት። ቅባት የሌለበት ቀላል ማለስለሻ ቀብቻት 15 ደቂቃ አስቀምጣታለሁ፣ በዚያ መሀል ዓይኗን እሠራለሁ። ከዚያ ፕራይመር (ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባው)፣ እሱም ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ፕራይመሩ የሲሊኮን ሆኖ ፋውንዴሽኑ የውሃ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይስማሙም፣ በጣትሽ ስታሺው እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ይነሳል። ሁለቱን አስቀድመሽ እጅሽ ጀርባ ላይ ደባልቀሽ ሞክሪ። ፋውንዴሽኑን በረጠበ ስፖንጅ እየተጫንሽ እንጂ እየጎተትሽ አይደለም፤ በጣም ስስ። ከላዩ ትንሽ ፓውደር፣ ከዚያ ስፕሬይ፣ ከዚያ ማራገቢያ ፊት እስኪደርቅ መጠበቅ። መብራት ከሄደ በካርቶን ነው የማራግበው፣ ምን ላድርግ። ማድያት ወይ የብጉር ጠባሳ ካለ እዚያችው ላይ ብቻ ኮንሲለር እነካለሁ፣ ሙሉ ፊት አልደግምም። መጨረሻ ላይ አንዴ ስፕሬይ።

ዓይን ላይ ውሃ የማያስለቅቀው ማስካራ ግድ ነው። ከታች በውስጥ በኩል ኩል ይቅርብሽ፣ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው። ሽፋሽፍቱ የተነሳብሽ ሙጫው ሳይጠብቁት ስለተለጠፈ ይመስለኛል። ቀብተሽ ግማሽ ደቂቃ ያህል ትተሽው ማጣበቅ ሲጀምር ነው የሚለጠፈው። ማስካራ ደግሞ ከሰው ጋር በአንድ ብሩሽ አትቀቢ፣ ለዓይን በሽታ መንገድ ነው። የሚጣል ብሩሽ አምጪልኝ በያት።

የቱን ልግዛ ላልሽው፣ ዋጋ አያድንሽም። ለፊትሽ ምን እንደሚስማማ የሚታየው በሙከራ ነው። ሙከራውን ስታደርጊ ሳሎን መስታወት ፊት ቁጭ ብለሽ አትፍረጂ። ተሠሪና ገበያ ውጪ። ቤት ገብተሽ ቡና አፍልተሽ ከሰል አራግቢ። ማታ ፊትሽን እዪውና ንገሪኝ። አዲስ የምትቀቢው ነገር ካለም ከሁለት ቀን በፊት ጆሮሽ ሥር ሞክሪው። ቅንድብሽን ከአራት አምስት ቀን በፊት ጨርሺ፣ በዋዜማው አይነካ።

የአምናዋ ሙሽራ፦

ብሩሽና ስፖንጅ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን የኔን ሜካፕ ላብ አይደለም ያጠፋው። ሰው ነው።

ቁጠሪው እስቲ። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። ያንን በዘመድ ብዛት አባዢው። እዚያ ላይ ጺማቸውን ያልተላጩ አጎቶች አሉ። ምሳ ሳይደርስ ግራ ጉንጬ ላይ ፋውንዴሽን የሚባል አልነበረም፤ የአጎቴ ነጭ ጋቢ ትከሻ ላይ ነበር፣ ጉንጬ ልክ ሆኖ። እስካሁን ሲያየኝ ያነሳብኛል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ምርቃት አለ። ጠዋት የእናቴን ጉልበት ስሜ ቀና ስል አነባሁ። አላለቅስም ብዬ ነበር እኮ! ያኔ ያወቅኩት ነገር፣ እንባ ሲመጣ ጉንጭን መጥረግ አይደለም፣ የሶፍት ጫፍ አጥፎ ዓይን ሥር መያዝ ነው፤ ሶፍቱ ራሱ ይጠጣዋል።

ሊፕስቲኬ 16 ሰዓት ይቆያል ተብሎ የተሸጠልኝ ነው። ባለቤቴ የዶሮ ወጥ ጉርሻ አንዴ አጎረሰኝ፣ አለቀ። ውሃ አይነካውም፣ ቅባት ግን ያስለቅቀዋል። መሀሉ ሄዶ ዙሪያው ሲቀር ደግሞ ከነጭራሹ ካልተቀባሽው ይብሳል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ እንደምትደግሚ አስበሽ ተመሳሳዩን ያዢ።

እኔ እንደገና ባገባ (ባለቤቴ እንዳያነብ) አንዷን ሚዜ ሥራዋ ይሄ ብቻ ነው እላታለሁ። ትንሽ ቦርሳ፣ ሶፍት፣ ፓውደር፣ ሊፕስቲክ፣ የሽፋሽፍት ሙጫ፣ ስትሮው። ላብ ሲመጣ መጀመሪያ በሶፍት ተጫን ተጫን አድርጋ ታደርቃለች፣ ከዚያ ነው ፓውደር። የኔዋ ሚዜ ላቡ ላይ ፓውደሩን ነሰነሰችው፣ ዱቄት ተቦካ።

ካሜራ ያዥ፦

ወንድ ገባ እንዳትሉ፣ ፎቶ አንሺ ነኝ። ከናንተ ቀጥሎ ያንን ፊት የማየው እኔ ነኝ፣ ያውም አጉልቼ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ በፍላሽ ስናነሳ አንዳንድ ሙሽራ ፊቷ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ በዓይን ስናያት ግን ምንም የላትም። ምክንያቱ የፀሐይ መከላከያ ያለበት ክሬም ወይም ፋውንዴሽን ነው፤ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ካለበት ብርሃኑን ይመልሰዋል። የሲሊካ ነጭ ፓውደር ሲበዛም እንዲሁ ነው። መላው ቀላል ነው። በሙከራው ቀን መብራት አጥፍታችሁ በስልክ ፍላሽ አንዴ ተነሱ። ከነአንገታችሁ ተነሱ ደግሞ! ፊት የፈረንጅ፣ አንገት የራሷ የሆነች ሙሽራ ስንቴ እንዳነሳሁ። የፋውንዴሽኑ ቀለም የሚለካው እጅ ላይ ሳይሆን አገጭና አንገት መገናኛ ላይ ነው፣ ያውም በር ላይ ወጥቶ በቀን ብርሃን።

ሌላው ፕሮግራሙ ነው። ጅረን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶ የማይነሳ የለም፣ እናንተም መሄዳችሁ አይቀርም። ግንቦት ላይ ከሰዓት ካደረጋችሁት ዝናቡ ይቀድማችኋል። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ቢሆን አየሩም ቀለል ይላል፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ አትጠብቁኝ፣ እኔ ቦታ እስክመርጥ ጥላ ሥር ሁኑ። መኪናው ውስጥ ደግሞ ቬሎ ይነፍስብናል ብላችሁ መስኮት ዘግታችሁ አራት አምስት ሆናችሁ ትሄዳላችሁ። ጅረን ስትደርሱ ሁላችሁም ከገላ መታጠቢያ የወጣችሁ ትመስላላችሁ።

የቆጪ ልጅ፦

አሰላሙ አለይኩም። ሂጃብ ለምታደርጉ ደግሞ የኔን ልንገራችሁ። እኛ ጋ ሙቀቱ እጥፍ ነው፣ ጸጉርና አንገት ተሸፍኖ ላቡ በሙሉ ወደ ፊት ነው የሚመጣው። ከውስጥ የሚደረገው ኮፍያ ጥጥ ይሁን፣ ያ የሚያንሸራትተው ጨርቅ ላብ አይጠጣም። ፋውንዴሽኑን ሻርፑ እስከሚነካው ድረስ አታድርሱት፣ ጠርዙ ላይ በጣም አሳሱት፤ አለበለዚያ ነጩ ሻርፕ አገጭ ሥር ቡኒ መስመር ይይዛል። ኒካህዬ ላይ ሁለት ሻርፕ ነበር የያዝኩት፣ ለምሳ ቀየርኩት፣ ማንም አላወቀ።

ሂናም ቢሆን ጥቁር የሚባለውን ተጠንቀቁ። የተፈጥሮ ሂና ቀይ ቡናማ ነው የሚወጣው። ቶሎ ጥቁር እንዲል ፒፒዲ የሚባል የጸጉር ቀለም ኬሚካል የሚጨምሩበት አለ፣ የአጎቴ ልጅ እጇ ውሃ ቋጥሮ በፋሻ ነው የተዳረችው።

የግንቦት ሙሽራ፦

ኧረ እናንተ ባትኖሩ ምን እሆን ነበር! የጋቢው ነገር አልቅሼ ሳቅኩ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቲክቶክ ላይ አንዷ የብብት ዲዮድራንት ግንባሯ ላይ ቀብታ አላበኝም ስትል አየሁ፣ ይሠራል? ሁለተኛ እማዬ "ሙሽራ ነጣ ማለት አለባት" ብላ ከሱቅ ክሬም አምጥታልኛለች። ከላዩ ምንም አልተጻፈበትም፣ በትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው። ባለሱቁ በሳምንት ያጠራል ብሏታል።

ብሩሽና ስፖንጅ፦

ዲዮድራንቱን እርሺው። ለብብት የተሠራ ነው፣ የፊት ቆዳን ያስቆጣል፣ ከላብ ጋር ወርዶ ዓይን ከገባ ደግሞ ሰርግሽን ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትጨርሺው።

ክሬሙን በፍጹም እንዳትነኪው። ስም የሌለው፣ በሳምንት የሚያነጣ ነገር ውስጡ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ወይ ሜርኩሪ ነው የሚገኘው። ስቴሮይዱ ቆዳውን ያሳሳዋል። መጀመሪያ ያምራል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ብጉር ያወጣል፣ ፀሐይ ሲነካው ያቃጥላል። እንደዚያ ሆኖ የመጣ ፊት ላይ ስፖንጅ ሳስቀምጥ ሙሽራዋ ትዘላለች፣ ፋውንዴሽኑም አይዝላት። እናትሽን በጨዋታ አድርገሽ አስረጃቸው። "ለፎቶው አይሆንም አሉኝ" በያቸው፣ የፎቶ ነገር ከመጣ እናቶች ይሰማሉ።

እግረ መንገዴን፣ ለመልስሽ ሹሩባ ከተሠራሽ ቅቤው ይቅርብሽ፣ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ተቀብተሽ ታጠቢው። በሙቀቱ ቀልጦ በግንባር ሲወርድ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላየሁት ጉድ የለም። ማታ ደግሞ ደከመኝ ብለሽ ከነሜካፑ እንዳትተኚ። ውሃ የማያስለቅቀውን ማስካራ በሳሙና አትፈትጊ፣ ዘይትነት ያለው ማጽጃ ዓይንሽ ላይ ትንሽ አቆይተሽ ነው የሚለቀው።

ሚዜ ለዘላለም፦

ሁላችሁም ስለ ሙሽራዋ። ሙሽራው አያልበውም እንዴ?

ካሜራ ያዥ፦

ጥሩ ጥያቄ! ከሁሉ በላይ የሚያበራው እሱ ነው። በሙሉ ሱፍና ከረባት፣ ግንባሩ እንደ ቆርቆሮ ጣራ። እሷን ለማስተካከል ስደክም እሱ ፍላሹን ይመልስብኛል። ትንሽ ፓውደር ግንባሩ ላይ ቢደረግለት ማንም አያውቅበትም።

የግንቦት ሙሽራ፦

አሁኑኑ ደውዬ ነገርኩት። "ፓውደር ከምቀባ ሰርጉ ለጥር ይተላለፍ" አለኝ።